የፊት ፍሬን ሸራን በቤት ስለ መቀየር፦ ሐረጎን ለሚወጡና ለሚወርዱ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በደሴ ከተማ የሚኖሩና ለሥራ በየቀኑ ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሱ አንድ ጠያቂ፣ ቶዮታ ቪትዝ መኪናቸው ፍሬን በያዙ ቁጥር ከፊት ቀኝ ጎማ በኩል ቀጭን የፉጨት ድምፅ ማሰማት እንደ ጀመረ፣ ሸራው ከተቀየረም ገና ዓመት እንዳልሞላው ይገልጻሉ። የፊቱን ሸራ በግቢያቸው ራሳቸው መቀየር ይችሉ እንደሆነና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ሸራ ቶሎ ይጨርስ እንደሆነም ይጠይቃሉ።

መቀየር ይችላሉ። የፊት ዲስክ ፍሬን ሸራ፣ ወይም ፓድ፣ መቀየር በመኪና ላይ ከሚሠሩ ሥራዎች መካከል ጥንቃቄ ያለው ሰው በግማሽ ቀን ሊፈጽመው የሚችል ነው። ይሁን እንጂ ከጥያቄዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ የመቀየሩ ጉዳይ ሳይሆን፣ ድምፁ ከቀኝ ጎማ ብቻ መምጣቱና ሸራው ዓመት ሳይሞላው ማለቁ ነው። አንድ ጎማ ላይ ብቻ ቶሎ ያለቀ ሸራ ብዙውን ጊዜ የሌላ ጉድለት ምልክት ስለሆነ፣ ጉድለቱን ሳያገኙ አዲስ ሸራ ቢያስገቡ እሱም በዚያው መንገድ ያልቅብዎታል።

በመጀመሪያ ድምፁን መለየት ያስፈልጋል። መኪናው በክረምት ሌሊቱን ዝናብና ጉም ላይ ካደረ በኋላ ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሜትሮች የሚሰማው የመፋቅ ድምፅ፣ ከጎማው ጋር በሚዞረው ክብ ብረት፣ በዲስኩ፣ ላይ በአንድ ሌሊት የወጣው ስስ ዝገት ሲጠረግ የሚፈጥረው ስለሆነ አያሳስብም። ፍሬን ሲያዝ ሁሉ የሚሰማው ቀጭን ፉጨት ግን በብዙ ሸራዎች ላይ የተሠራው ትንሽ የብረት ምላስ ዲስኩን መንካቱን ያመለክታል፤ ይህ ምላስ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ የሸራው ውፍረት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር ድምፅ ማሰማት ይጀምራል። አዲስ ሸራ ከጀርባ ብረቱ ውጭ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ድምፁ ከፉጨት አልፎ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሚሰማው ዓይነት ሻካራ ድምፅ ከሆነ ሸራው ፈጽሞ አልቋል ማለት ነውና በዚያ መኪና ሐረጎን መውረድ ይቅርና ከግቢ መውጣትም አይገባም።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት በራስዎ እጅ ሊነኩት የማይገባዎትን ልለይልዎ። የአብዛኞቹ ቪትዞች፣ እንዲሁም የብዙ ኮሮላዎች የኋላ ፍሬን ባለ ታምቡር ነው፣ ሸራው የሚሠራው ከበሮ በመሰለ ብረት ውስጥ ነው፤ ስፕሪንጎቹና ማስተካከያው ልምድ ስለሚጠይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ለመካኒክ ቢተወው ይሻላል። በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ የፍሬን ዘይት ርጥበት ከታየ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ ወይም በዳሽቦርዱ ላይ የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ፣ ጉዳዩ ከሸራ ያለፈ ስለሆነ ጋራዥ ይሂዱ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው አንባቢዎች ደግሞ የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ከሆነ የኋላውን ካሊፐር፣ ማለትም ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል፣ ከመንካታቸው በፊት በመመርመሪያ መሣሪያ ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት እንዳለበት ይወቁ፤ አለዚያ በኃይል ሲገፋ ይሰበራል።

ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሲሄዱ ሊብሬውን ይዘው ይሂዱ፤ የሻሲ ቁጥሩ ትክክለኛውን ዓይነት ለመለየት ይረዳል፤ ምክንያቱም በአንድ ስም የሚጠሩ መኪናዎች እንኳ በሞዴል ዓመታቸው የተለያየ ሸራ ሊኖራቸው ይችላል። አሮጌውን አውጥቶ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን መኪናው ተፈትቶ እያለ ሌላ መጓጓዣ ስለሚያስፈልግ ይህን አስቀድመው ያስቡበት። አዲሱን ሸራ እጅዎ ላይ ሲያደርጉ ከጀርባ ብረቱ ጋር የተጣበቀበትን መስመር በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ክፍተት፣ ስንጥቅ ወይም የተነሣ ጠርዝ ካለ አይግዙት። በአሮጌ ብረት ላይ አዲስ ሸራ አስለጥፎ መጠቀምም በአንዳንድ ቦታ ይሠራል። እኔ ለፊት ዲስክ ፍሬን፣ ያውም ለቁልቁለት መንገድ፣ ፈጽሞ አልመክረውም፤ ሙጫው በሙቀት ከለቀቀ ሸራው በአንድ ጊዜ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። ሸራ ሁልጊዜ የግራና የቀኝ በአንድ ላይ ይቀየራል። የቀኙ ብቻ አለቀ ተብሎ የቀኙ ብቻ ቢቀየር ሁለቱ ጎማዎች በእኩል ኃይል ስለማይይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎተታል።

ከመሣሪያ የሚያስፈልጉዎት ክሪክ፣ የብረት መደገፊያ፣ ባለ 21 የጎማ መፍቻ፣ ባለ 14 ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጥቂት ሽቦ፣ አናጢዎች እንጨት ለማጣበቅ የሚጠቀሙበት ማጥበቂያ ብረት፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስና አንድ ጠርሙስ አዲስ የፍሬን ዘይት ናቸው። ቶርክ ሬንች፣ ማለትም ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ ከጎረቤት ጋራዥ በትውስት ቢያገኙ መልካም ነው።

ደሴ ላይ ሜዳ የሆነ ግቢ ማግኘት ቀላል ባይሆንም፣ ይህ ሥራ ተዳፋት ላይ አይሠራም። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ወይም ጠንካራ ሜዳ መሬት ይፈልጉ፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ማርሹን ያስገቡ፣ አውቶማቲክ ከሆነም ማቆሚያው ላይ ያድርጉት፤ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ያስደግፉ። የጎማውን ዳዶዎች መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ ላላ ያድርጓቸው። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ። ብሎኬት መደገፊያ አይደለም፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ያወጡትን ጎማ ደግሞ ከመኪናው ወለል ጠርዝ ሥር አጋድመው ያስቀምጡት፤ ክፉ ቀን ቢመጣ እጅዎንና እግርዎን የሚያተርፈው እሱ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጎማ ብቻ ይፍቱ፤ የክፍሎቹ አቀማመጥ ቢጠፋብዎ ያልተፈታውን ጎን አይተው ማመሳከር ይችላሉ።

ጎማው ከወጣ በኋላ መሪውን ወደ ውጭ ያዙሩት፤ የካሊፐሩ ጀርባ ወደ እርስዎ ይመጣል። በጀርባው በኩል ከላይና ከታች ሁለት ባለ 14 ብሎኖች አሉ። ብዙውን ጊዜ የታችኛውን ብቻ ፈትቶ ካሊፐሩን እንደ መዝጊያ ወደ ላይ ማንሣት ይበቃል። ሁለቱንም ከፈቱ ካሊፐሩን በሽቦ ከስፕሪንጉ ላይ አስረው ያንጠልጥሉት፤ የፍሬን ዘይት በሚያደርሰው የጎማ ቱቦ ተንጠልጥሎ እንዲቀር በፍጹም አይፍቀዱ፤ ቱቦው ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ሊጎዳ ይችላል። የሚያገኙትን ጥቁር አቧራ በአፍም ሆነ በኮምፕረሰር አይንፉት፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ሁለቱን አሮጌ ሸራዎች አውጥተው የውስጡንና የውጩን ጎን ለጎን ብርሃን ላይ ያስቀምጧቸው፤ ከዚያም የግራውን ጎማ ሸራዎች ሲያወጡ እነሱንም ከአጠገባቸው ያድርጉ። አራቱም በተቀራራቢ ውፍረት ካለቁ ፍሬኑ ጤነኛ ነው፤ ያለቀው በሥራ ብዛት ነው። የቀኝ ጎማ ሁለቱም ሸራዎች ከግራዎቹ ይልቅ ቀጥነው ከተገኙ የቀኙ ፍሬን ከተለቀቀም በኋላ ይዞ እየሄደ ነው፤ ምክንያቱ ሸራውን ገፍቶ የማይመለስ የካሊፐር ፒስተን ወይም ከውስጥ ተልጦ ዘይት አልመልስ ያለ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ውስጠኛው አልቆ ውጨኛው ወፍራም ሆኖ ከቀረ ካሊፐሩ መንሸራተት አቁሟል ወይም ፒስተኑ ወደ ኋላ አይመለስም። አንዱ ሸራ ከአንድ ጫፉ ቀጥኖ በሌላው ጫፍ ወፍሮ እንደ ሽብልቅ ከሆነ ከማንሸራተቻ ፒኖቹ አንዱ መያዙን ይጠርጥሩ። ገጹ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ጠርዞቹ ከተሰነጣጠቁ ሸራው ከመጠን በላይ ግሏል፤ የዚህ መልስ ደግሞ ያለው በሐረጎ አወራረድዎ ላይ ነው።

የእርስዎን ሁኔታ ሳስበው ቅድሚያ የምጠረጥረው ማንሸራተቻ ፒኖቹን ነው። ፒኖቹ ካሊፐሩ ወደ ግራና ቀኝ እንዲንሸራተት የሚያደርጉ፣ ውፍረታቸው ትንሿን ጣት የማያክል ለስላሳ ብረቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ ሽፋን አላቸው። ሽፋኑን በጣትዎ ገልበጥ አድርገው ሲያዩት በእጥፋቱ ውስጥ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ካገኙ፣ በዚያ ስንጥቅ የክረምት ውሃና የበጋ አቧራ ገብቷል። ፒኑ ሲወጣ ግሪሱ ጠቁሮና ደርቆ እንደ ሙጫ ተጣብቆበት፣ ከአንድ ጎኑም ቡናማ ዝገት ጀምሮት ሊገኝ ይችላል። ጤነኛ ፒን ግን በሁለት ጣት ሲገፋና ሲሳብ ያለ ምንም መቋቋም ይመላለሳል። የቆሸሸውን ፒንና ቀዳዳውን አጽድተው የፍሬን ግሪስ በስሱ ይቀቡት፤ ተራውን የሻሲ ግራሶ አይጠቀሙ፤ ጎሚኒውን አሳብጦ ችግሩን ያባብሰዋልና። ብረቱ በዝገት የተበላ ከሆነ ፒኑን ከነጎማ ሽፋኑ ይቀይሩት። ይህች የግማሽ ሰዓት ሥራ በብዙ ችኩል እጆች ትታለፋለች፤ የሸራውን ዕድሜ የሚወስነው ግን ከሸራው ዓይነት ይልቅ ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ሸራው የሚቀመጥባቸውን የመያዣውን ጎድጓዳ ቦታዎች በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ድረስ ያጽዱ፤ አዲሱ ሸራ በእጅ ተገፍቶ መግባት አለበት፤ በመዶሻ የሚገባ ከሆነ ሲለቀቅም አይመለስም። ዲስኩን በጣት ጥፍር ይዳስሱት። ጥልቅ ጭረት፣ ስንጥቅ ወይም ከሙቀት የመጣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለበት ያስመርምሩት። እያንዳንዱ ዲስክ ሊደርስበት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት በራሱ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ በመለኪያ ለክተው ያመሳክሩ፤ ከዚያ በታች የሆነ ዲስክ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ስለቀነሰ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። አንዱን አሮጌ ሸራ በፒስተኑ ላይ አስደግፈው በማጥበቂያው ብረት ቀስ እያሉ ይግፉት። ኮፈኑ ክፍት ይሁን፤ ፒስተኑ ሲገባ የፍሬን ዘይቱ ወደ ማስቀመጫው ስለሚመለስ በላስቲኩ ውስጥ ደረጃው ከፍ እያለ ሲመጣ ያዩታል። ሊሞላ ከሆነ በንጹሕ ሲሪንጅ ቀንሰው ይድፉት፤ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ስለሚልጥ ወዲያው በውሃ ይጠቡት። ፒስተኑ በመጠነኛ ኃይል አልገባ ካለ፣ ወይም ዙሪያው ያለው ጎሚኒ ተቀዶ ርጥበት ካሳየ፣ ሥራው እዚያው ይቁምና ካሊፐሩ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ሲገጥሙ ግሪስ ወይም ዘይት የሸራውን ገጽና ዲስኩን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። የማስጠንቀቂያ ምላስ ያለው ሸራ በአሮጌው ቦታ፣ በአብዛኛው በውስጥ በኩል፣ ይገባል። የካሊፐሩን ብሎኖች ለማጥበቅ ትክክለኛውን ልክ ከመኪናዎ መመሪያ ይውሰዱ። ብሎኖቹ ትንንሽ ናቸውና በረጅም ቁልፍ ካላግባብ ከተጠመዘዙ ጥርሳቸው ይላጣል። የጎማ ዳዶዎቹ በእንደዚህ ዓይነት ትንንሽ ቶዮታዎች ላይ 103 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ በዙር ተራ ሳይሆን አንዱን ካጠበቁ በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገሩ ያጥብቁ። በጎማ መፍቻው ላይ በእግር ቆሞ ማጥበቅ ብሎኑን ያደክማል፣ ዲስኩንም ሊያጣምም ይችላል።

የሚቀጥለውን ነገር እባክዎ በጥሞና ያንብቡት። ሥራው ካለቀ በኋላ ፒስተኖቹ ከሸራው ርቀው ስላሉ የመጀመሪያው የፔዳል ረገጣ ባዶ ሆኖ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ ሞተር ከማስነሣትዎና ማርሽ ከማስገባትዎ በፊት ፔዳሉ ጠንክሮ ከፍ ብሎ እስኪቆም ድረስ ደጋግመው ይርገጡ፤ ከዚያም የዘይቱን ደረጃ አይተው ያስተካክሉ። ይህን ረስቶ መኪናውን ከግቢ ወደ ተዳፋት መንገድ ማውጣት፣ በተለይ ደጃፉ ሁሉ ቁልቁል በሆነበት ደሴ፣ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ስህተት ነው። ፔዳሉ ተደጋግሞ ተረግጦም ካልጠነከረ በመስመሩ ውስጥ አየር አለና አየሩ እስኪወጣ ድረስ መኪናው አይንቀሳቀስ።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። መኪና በማይበዛበት ሜዳ መንገድ ላይ በማለዳ ወጥተው፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ወደ 10 እስኪወርድ ድረስ በመካከለኛ ኃይል ይያዙ፤ ሳይቆሙ ይልቀቁና ጥቂት ተጉዞ እንዲቀዘቅዝ ያድርጉ፤ ይህንኑ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ይድገሙት። ማላመዱ ሐረጎ ላይ አይሠራም፤ ሸራው ያለ ዕረፍት ስለሚግል ገጹ ተቃጥሎ የሚያብለጨልጨው በዚያ ጊዜ ነው።

ስለ ሐረጎ ለጠየቁት፣ አዎ፣ ቁልቁለቱ ሸራ ይበላል፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን የሚወስነው አሽከርካሪው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ልዩነቱ ከ600 ሜትር ያላነሰ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ጋር 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ሲወርድ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት 7 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው። ከዚህ ጉልበት ጥቂቱን ነፋስና የጎማው መንከባለል ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ከባዱን ድርሻ ሁለት የፊት ዲስኮች ይሸከሙታል።

በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገባ፣ የሚወርድ ሰው ሸክሙን ሁሉ ለፍሬኑ ያስረክባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረግ ከሆነም ስሌቱ የተሳሳተ ነው፤ ኢንጀክሽን ያለው ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ ነዳጅ መርጨቱን ያቋርጣል፤ በፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ መስጠቱን ይቀጥላል። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው፤ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ከጥቂት ረገጣ በኋላ ያልቅና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እርስዎ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይግቡ፤ መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ዘንጉን ሞተሩ እንዲይዝ በተዘጋጀው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያድርጉት። ፍሬኑን ሳይለቁ ቀስ አድርጎ ይዞ ከመውረድ ይልቅ ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያም ፈጽሞ ለቆ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ይሻላል።

ፍሬን በቁልቁለት ላይ የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው፤ መለየትም ይጠቅማል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን አልቆም ካለ ሸራው ግሎ መያዝ አቅቶታል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ፈጥሯል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ እርጥበት ሲገባበት 155 ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየርና ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ አለመጠቀም ከሸራው እኩል አስፈላጊ ነው። ከቁልቁለቱ በኋላ የሚቃጠል ነገር ከሸተተዎ ሜዳ ላይ ዳር ይዘው ቆመው በራሱ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት። በጋለ ጎማ ላይ ውሃ መድፋት በብዙ አሽከርካሪዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ዲስኩን ሊያጣምምና ሊሰነጥቅ ስለሚችል አይድፉበት።

ሥራውን ከጨረሱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 100 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ፣ ለእርስዎ ከሁለት ቀን ምልልስ ያልበለጠ ጊዜ ነው፣ ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ። በዚያው ሰሞን ከኮምቦልቻ እንደ ተመለሱ፣ ሽቅብ ሲወጡ ፍሬን ብዙ ስለማይያዝ፣ እጅዎን ወደ ግራውና ወደ ቀኙ ቸርኬ ሳይነኩ አስጠግተው የሙቀታቸውን ልዩነት ያስተውሉ። ቀኙ ከግራው ይልቅ ጎልቶ ከጋለ ፍሬኑ አሁንም ይዞ እየሄደ ስለሆነ፣ ፒኖቹ ተጸድተው ከነበረ የሚቀሩት ተጠርጣሪዎች ፒስተኑና ቱቦው ናቸው። ከዚያ በኋላ በየወሩ በቸርኬው ክፍተት በባትሪ እያበሩ የሸራውን ውፍረት ማየት ይበቃል፤ የውስጠኛው ሸራ ከውጭ ስለማይታይ ግን በየስድስት ወሩ ጎማውን አውጥተው ሁለቱንም ይመልከቱ፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ፉጨቱን ሳይጠብቁ ይቀይሩ።